«ጨርቃም» የሚለው የመሳለቂያ ቃል ምን ማለት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ ልንመረምራት ያሰብነው ነገር አንዲት ቃል ናት። ቃሊቱ አጭር ናት፤ ከአፍ ወጥታ እስክታልቅ ድረስ አንድ እስትንፋስ እንኳ አትፈጅም። ነገር ግን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራ ላይ ተቀምጦ ሕዝቡን ባስተማረበት ቀን ስለ መግደል ሲናገር ይህችኑ ቃል አንሥቶ ፍርድ የሚገባት መሆኗን ነግሮናል። ይህችውም በአማርኛው መጽሐፋችን «ጨርቃም» ተብላ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 22 የምትገኘው ናት።

ብዙ ሰዎች ይህን ክፍል ሲሰሙ ይደነቃሉ። «በሰው ላይ ጦር መስበቅና ሰውን ጨርቃም ማለት እንዴት በአንድ አንቀጽ ሊጻፉ ቻሉ? ከዚህ የከፋ ስንት ስድብ እያለ ጌታ ይህን ቀላል ቃል ስለ ምን መረጠ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም ለማግኘት አስቀድመን የቃሉን ትርጉም፥ ቀጥሎም ሰው ቃሉን የሚጠቀምበትን መንገድ፥ በመጨረሻም በእኛ ኑሮ ውስጥ የሚያደርሰውን ጉዳት ማየት ይገባናል።

፩ኛ. ስለ ቃሉ ትርጉም

ጌታችን በተናገረበት በአራማይስጥ ቋንቋ ቃሉ «ራቃ» ነው። ፍችውም ባዶ፥ ፍሬ ቢስ፥ ጭንቅላቱ ውስጥ ምንም የሌለበት ማለት ነው። ወንጌሉ በጽርእ ቋንቋ ሲጻፍ ይህ ቃል አልተተረጐመም፤ እንዳለ «ራቃ» ተብሎ ተቀመጠ። ምናልባት ቃሉ በተናጋሪው አፍ ውስጥ ያለው ምሬት በሌላ ቋንቋ ሲነገር እንዳይደበዝዝ ታስቦ ይሆናል። በጽርእ ደግሞ የተቀደደ እራፊ «ራቆስ» ይባላል። የሁለቱ ቃላት ድምፅ መቀራረብ በእኛ አገር ትርጕም «ጨርቃም» ለመባሉ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

«ጨርቅ» የሚለው የአማርኛ ቃል ከግእዙ «ጽርቅ» የመጣ ነው። በግእዝ በ«ጸ» የሚነገሩ አንዳንድ ቃላት በአማርኛ በ«ጨ» መነገራቸው የታወቀ ነው፤ ግእዙ «ጼው» ሲል አማርኛው «ጨው» ይላል፤ ግእዙ «ጸልመ» ሲል አማርኛው «ጨለመ» ይላል። «ጽርቅ»ም እንዲሁ «ጨርቅ» ሆነ። በዚህ ላይ «ኣም» የምትባለው ባዕድ መድረሻ ስትጨመር «ጨርቃም» የሚለው ቅጽል ይገኛል።

ይህችን መድረሻ ልብ ብለን እንመልከታት። «ኣም» ማለት አንድ ነገር ያለው፥ አንድ ነገር የበዛለት ማለት ናት። ቀንድ ያለው በሬ ቀንዳም ይባላል፤ ፍሬ የሞላበት ዛፍ ፍሬያም ይባላል፤ ሀብት ያለው ሰው ሀብታም ይባላል። እንግዲህ «ሀብታም» የሚለውን የክብር ስም የሠራችው መድረሻና «ጨርቃም» የሚለውን የውርደት ስም የሠራችው መድረሻ አንዲት ናት። ሁለቱም ቃላት በሰውየው ላይ የተንጠለጠለውን ይነግሩናል እንጂ ሰውየው ማን እንደ ሆነ አይነግሩንም። ሀብቱ ቢጠፋ ሀብታም መባሉ ይቀራል፤ ልብሱን ቢለውጥ ጨርቃም መባሉ ይቀራል፤ ሰውነቱ ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። ስለዚህ የቃሉ የመጀመሪያ ጥፋት ሐሰት መሆኑ ነው። ከላይ የተጣለውን ነገር ወስዶ የሰው ስም ያደርገዋል።

የአራማይስጡና የአማርኛው ፍች የተለያየ ቢመስልም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። «ራቃ» የሚለው ሰው ወንድሙን ውስጡ ባዶ ነው ይለዋል፤ «ጨርቃም» የሚለውም ላዩ የተጣለ ነው ይለዋል። የፊተኛው ነፍሱን፥ የኋለኛው ልብሱን ይነካል፤ ሁለቱም ግን የሚሉት «አንተ ዋጋ የለህም» ነው።

፪ኛ. ስለ ቃሉ አጠቃቀም

ቋንቋችን በሰው ላይ የመሳቅን ነገር በብዙ ስም ይጠራዋል። ስድብ ፊት ለፊት የሚወረወር ነው፤ ሽሙጥ ምስጋና መስሎ በጎን የሚወጋ ነው፤ ፌዝ ቁም ነገሩን እንደ ጨዋታ የሚያቃልል ነው፤ ስላቅ ደግሞ በሰው ጉድለትና መከራ ላይ የሚሳቅ ሣቅ ነው። «ጨርቃም» የሚለው ቃል በአራቱም መንገድ ሊነገር ይችላል። በቁጣ ጊዜ ስድብ ይሆናል፤ አዲስ ልብስ የለበሰውን ድኻ «ዛሬስ ጌታ መሰልህ» ሲሉት ሽሙጥ ይሆናል፤ አቤቱታ ይዞ የመጣውን ሰው ነገሩን ሳይሰሙ ልብሱን አይተው ሲመልሱት ፌዝ ይሆናል፤ ከሄደ በኋላ ተቀምጠው ሲሣቁበት ስላቅ ይሆናል።

በመዝሙረ ዳዊት የመጀመሪያው መዝሙር ላይ ግእዙ «መስተሳልቃን» የሚላቸው፥ አማርኛው «ዋዘኞች» የሚላቸው ሰዎች አሉ። መዝሙረኛው በመጀመሪያ ስለ መሄድ፥ ቀጥሎ ስለ መቆም፥ በመጨረሻ ስለ መቀመጥ ይናገራል። ዋዘኞች ያላቸው ወንበር ነው። ሌላው ኃጢአት በጥድፊያ ወይም በጨለማ ሊሠራ ይችላል፤ ስላቅ ግን ተቀምጦ፥ በእረፍት ጊዜ፥ በማኅበር የሚሠራ ነው። የሚናገረው አንድ ቢሆንም የሚሣቁት ብዙዎች ናቸው፤ የሚሣቅ ባይኖር ኖሮ የሚሳለቀው አፉን ይዘጋ ነበር።

«እንግዲህ ቀልድና ጨዋታ ሁሉ ተከለከለ ወይ?» የሚል ይኖራል። አልተከለከለም። ጓደኛሞች እርስ በርስ ሲቀላለዱ አንዱ ዛሬ ቢሣቅበት ነገ እርሱ በተራው ይሥቃል፤ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይቆርሳሉ። በስላቅ ግን ሣቁን ሁሉም ይካፈሉታል፥ ዋጋውን ግን አንድ ሰው ብቻውን ይከፍላል። መለያውም ይኸው ነው። የተሣቀበት ሰው መልሶ ሊቀልድ የማይችል ከሆነ፥ ይኸውም እንጀራው በእጃችን ስለ ሆነ፥ ወይም እንግዳ ስለ ሆነ፥ ወይም ስለ ታመመ ከሆነ፥ ያ ጨዋታ አይደለም።

ሌላም ጥያቄ አለ። ጌታችን ራሱ ፈሪሳውያንን ደንቆሮዎችና ዕውሮች ብሏቸዋል፤ ቅዱስ ጳውሎስም የገላትያን ሰዎች ማስተዋል እንደ ጐደላቸው ገሥጿቸዋል። ታዲያ ይህ ከስድብ በምን ይለያል? የሚለየው በሚነካው ነገርና በሚፈልገው ፍጻሜ ነው። ተግሣጽ ሰው ሊተወው የሚችለውን ሥራ ይነካል፤ ስላቅ ግን ሰው ሊተወው የማይችለውን ድኽነቱን፥ መልኩን፥ ትውልዱን ይነካል። ተግሣጽ ሰውየው እንዲመለስ ይጠራዋል፤ ስላቅ ግን እንዲርቅ ይገፋዋል። የሚገሥጽ አባት በልጁ ላይ ያዝናል፤ የሚሳለቅ ሰው ግን ይደሰታል።

አሁን ጌታችን ቃሏን ከመግደል ጋር ያነሣበት ምክንያት ግልጥ ይሆናል። ሰው ጨርቅን አይገድልም፤ ይጥለዋል እንጂ። ሰው በወንድሙ ላይ እጁን ከማንሣቱ አስቀድሞ በልቡ ውስጥ ወንድሙን ከሰውነት ተራ አውጥቶ ከሚጣል ዕቃ ተራ ያገባዋል። ያን ጊዜ ቢመታው ኅሊናው አይከሰውም፤ ቢራብ አያዝንለትም፤ ቢሞት አይጠይቅም። ስለዚህ ጌታ የወንጀሉን ፍሬ ብቻ ሳይሆን ዘሩን ከነሥሩ ነቀለው።

፫ኛ. ቃሉ በእኛ ኑሮ ውስጥ ስለሚያደርሰው ጉዳት

ነገሩ በሩቅ አገር የተነገረ ብቻ እንዳይመስለን፥ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ እንውረድ። ከጎንደር ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲወርዱ የታች አርማጭሆ ከተማ ሳንጃ ትገኛለች። ስሟ በጠመንጃ ጫፍ ከሚሰካው ስለት ስም ጋር አንድ ነው፤ መዝሙረኛው ዳዊትም ምላስን በስለት መስሎ መናገሩን እናስታውሳለን። ከሳንጃ ወደ ታች እስከ አብደራፊ፥ በደቡብም በኩል እስከ መተማ ድረስ ያለው ምድር የሰሊጥ፥ የማሽላና የጥጥ አገር ነው።

ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ፈጥኖ ካልታጨደ ፍሬ መያዣው ደርቆ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ እጅ ያስፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፥ ከመስከረም እስከ ጥቅምትና ኅዳር ለአጨዳ፥ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ፥ ከወሎም ብዙ የቀን ሠራተኞች ወደዚያ ሲወርዱ ኖረዋል። ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ፤ ነዶውን አስረው ለማድረቅ ያቆማሉ፤ ሲደርቅም በሸራ ላይ ገልብጠው ያራግፋሉ። ሌሊቱን ብዙ ጊዜ በሜዳ፥ በዛፍ ሥር ያድራሉ።

እንዲህ ያለው ሠራተኛ ከቤቱ ሲነሣ እናቱ ምን ብላ እንደምትሸኘው እናውቃለን። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ትለዋለች። እግሩ እንቅፋት እንዳያገኘው፥ ኮረብታው ሜዳ፥ እሾሁ ለስላሳ እንዲሆንለት መመረቋ ነው። እነሆ በእናቱ አፍ «ጨርቅ» የሚለው ቃል ምርቃት ነበረ። ያው ልጅ ቆላ ወርዶ፥ አንድ ወር በፀሐይና በላብ ሠርቶ፥ ልብሱ በሰሊጥ ግንድ ተቧጭሮ ሲታይ «ጨርቃም» ቢባል፥ የእናቱ ምርቃት በእኛ አፍ ወደ እርግማን ተለወጠ ማለት ነው። ያ የተቀደደ ልብስ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ በጎተራችን የገባው ሰሊጥ ደረሰኝ ነው። ልብሱን የቀደደው የእኛ እርሻ ነውና።

በነገሩ ደገኛው ብቻ ተበዳይ ነው አንልም። ደገኛው በበኩሉ ቆለኛውን በአነጋገሩና በበረሓው ኑሮ ሲሳለቅበት ይገኛል። ይህም ያው ኃጢአት ነው። ደገኛው ያለ ቆላው ምድር ለልጆቹ የሚይዘው ገንዘብ አያገኝም፤ ቆለኛውም ያለ ደገኛው እጅ ሰሊጡን አይሰበስብም። እርስ በርስ የሚፈላለጉ ሰዎች እርስ በርስ መሳለቃቸው እጅ እግርን እንደ መስደቡ ያለ ነው።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በዚያ ቆላ ካላዛር የሚባል በሽታ ይገኛል። በሽታውን የምታስተላልፈው ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በጥቁሩ መሬት ስንጥቅና በዛፎች ሥር ትኖራለች፤ በሜዳ የሚያድረውንም ሰው ሌሊት ትነድፈዋለች። በሽተኛው ትኩሳቱ ይረዝማል፤ ሥጋው ያልቃል፤ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል። በጊዜው ከታከመ ይድናል፤ ሳይታከም ከቀረ ግን ብዙ ጊዜ ይሞታል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ይህ በሽታ በወረርሽኝ ተነሥቶ፥ በመጀመሪያ ወባ መስሎ ሳይታወቅ ብዙ ሰው ሞቷል። እንግዲህ ልብሱ ያለቀ፥ ሥጋው የከሳ፥ ሆዱ የተነፋ እንግዳ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ብንሥቅበት ምን እናደርጋለን? እንዲደበቅ እናደርገዋለን። የሚያፍር በሽተኛ ወደ ሐኪም አይሄድም፤ ወደ ጥላ ይሸሻል። እንግዲህ ጌታችን ስላቅን ከመግደል ጋር ማንሣቱ ምሳሌ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። «አይዞህ፤ ጤና ጣቢያው በዚህ በኩል ነው» ብንለው ግን ያችው አንዲት እስትንፋስ የሰው ሕይወት ታድናለች።

በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል። ከእነርሱ ውስጥ ትናንት ቤትና ሱቅ የነበራቸው፥ ዛሬ ግን ከለበሱት በቀር ሌላ ያልያዙ ብዙዎች ነበሩ። ጨርቅ በማንም ላይ በአንድ ሌሊት ሊወድቅ እንደሚችል ይህ በቂ ምስክር ነው።

ስላቅ አገርንም ይጐዳል። በቀድሞ ዘመን ሕዝባችን የተራቈተውን «ጨርቃም» እያለ ሲስቅ፥ ጨርቁን የሚሠራለትን ሸማኔም በሥራው ይሰድበው ነበር። ብረት የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚያለፋውን፥ ሸክላ የምትሠራዋንም እንዲሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ይህ ልማድ አገርን ያለ ባለሙያ እንደሚያስቀር አይተው ነው። ሆኖም ግን ልማዱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። በጎንደር አካባቢ ማረሻውን ሲቀጠቅጡና ገንቦውን ሲሠሩ የኖሩት ቤተ እስራኤል፥ ራሳቸውን በማይጠሩበት «ፈላሻ» በሚል ስም፥ ከዚያም ብሶ «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሺዎች በዚሁ ምዕራብ ቆላ በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲወጡ በመንገድና በመጠለያ ብዙ ሰው ሞቶባቸዋል። የሄዱት ስለ ስድብ ብቻ ነው አንልም፤ የሄዱበት ሌላ ታላቅ ተስፋ ነበራቸው። ነገር ግን በማረሻቸው ስናርስና በገንቦአቸው ስንጠጣ የኖርን ሰዎች የሸኘናቸው በምን ቃል ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

፬ኛ. በጨርቅ ስለ ተሸፈነው ክብር

በሰሊጡ አጨዳ ወራት መካከል፥ በጥቅምት 14 ቀን፥ ቤተ ክርስቲያናችን የቅዱስ ገብረ ክርስቶስን መታሰቢያ ታደርጋለች። ይህ ቅዱስ የንጉሥ ልጅ ሲሆን በሠርጉ ሌሊት ዓለምን ንቆ ወጣ። ብዙ ዘመን በስደት ከኖረ በኋላ ወደ አባቱ ደጅ ተመልሶ፥ ማንም ሳያውቀው፥ እንደ ድኻ ለማኝ ተኝቶ ኖረ። የአባቱ አገልጋዮች ይንቁትና ያሠቃዩት ነበር። ማን እንደ ነበረ የታወቀው ከሞተ በኋላ በእጁ በተገኘው ጽሑፍ ነው። ያን ጊዜ የሣቁበት ሰዎች የጌታቸውን ልጅ በገዛ ደጁ ሲያዋርዱ እንደ ኖሩ ተረዱ፤ ይቅርታ የሚጠይቁት ግን በሕይወት አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ጌታችን ራሱ ሲወለድ በጨርቅ ተጠቀለለ። በመከራውም ቀን ወታደሮቹ ሊሳለቁበት በፈለጉ ጊዜ መሣሪያቸው ያደረጉት ልብስን ነበር፤ ከለሜዳ አልብሰው፥ በእጁ መቃ አስይዘው፥ ንጉሥ እያሉ ዘበቱበት። እንግዲህ በሰው ልብስ የሚሥቅ ክርስቲያን ሳያስተውለው ከእነዚያ ወታደሮች ጋር በአንድ አደባባይ ይቆማል።

፭ኛ. ምን እናድርግ?

መድኃኒቱን ጌታችን ከዚያው ቃል አስከትሎ ነግሮናል። መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የመጣ ሰው ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅር የተሰኘበት ነገር ቢኖር፥ መባውን በዚያ ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዘዘ። ቀጥሎም ከባላጋራ ጋር ገና በመንገድ ሳሉ ፈጥኖ መስማማትን መከረ። ይህ ምክር ለቆላ ሰው እንዴት ያለ ምክር ነው! የቀን ሠራተኛ የመንገድ ሰው ነውና። አጨዳው ሲያልቅ ጥቅሉን አንሥቶ በመኪና ይወጣል፤ በሚመጣው ዓመት ይመለስ እንደ ሆነ ማንም አያውቅም። ጎረቤታችንን ብንበድል ነገ በደጁ እናገኘዋለን፤ ይህን ግን ከሄደ በኋላ ወዴት ሄደን እንክሰዋለን? መንደሩን አልጠየቅነውም፤ ምናልባትም በስሙ አልጠራነውም ይሆናል።

ስለዚህ ሰሊጥ የሚያሳጭድ ሁሉ ሒሳብ በሚከፍልበት ቀን ሁለት ዕዳ እንዳለበት ያስብ። አንዱ የደመወዙ ገንዘብ ነው፤ እርሱን ሳያጐድል ይክፈል። ሁለተኛው የቃል ዕዳ ነው፤ ክፉ ቃል ተናግሮት እንደ ሆነ «ወንድሜ፥ ይቅር በለኝ» ብሎ ይክፈለው። የገንዘቡን ዕዳ ልጆቹ ሊከፍሉለት ይችላሉ፤ የቃሉን ዕዳ ግን ከእርሱ በቀር የሚከፍልለት የለም።

በማኅበር የምንቀመጥም ሁላችን፥ አንዱ በሌላው ሲሳለቅ ባንሥቅ ብቻ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ይሞታል። ወላጆችም ልጆቻቸው እንግዳን በስሙ፥ ታላቁንም «አባባ» ወይም «ጋሼ» ብለው እንዲጠሩ ያስተምሯቸው። ሕፃን ስድብን የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ከሚሰማው ሣቅ ነውና። የተሰደብክ ወንድማችን፥ የተሳለቁብሽ እኅታችን ሆይ፤ የተሰጣችሁ ስም የልብሳችሁ ስም እንጂ የእናንተ እንዳልሆነ ዕወቁ። የእናንተ ስም በጥምቀት የተሰጣችሁ ነው፤ እርሱም አያረጅም፥ አይቀደድምም።

የሰውን ልብስ አይቶ ሳይሆን ልብን መርምሮ የሚፈርድ አምላካችን አንደበታችንን ከስላቅ ይጠብቅልን፤ ለሚወጣውም ለሚወርደውም መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።